ልጃችሁ አላዋረዳችሁም፦ “በእንጭጩ ቅጩት” ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ወላጆች እየተቀባበሉ ያነበቡት ጽሑፍ አለ። ፍሬ ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ልጅ 2 ዓመት ከሞላው ነውርን ያውቃል፤ በሰው ፊት የሚያሳፍር ነገር የሚያደርገው ወላጁን ሊፈትን ነው፤ ስለዚህ እዚያው በሰው ፊት በእንጭጩ መቀጨት አለበት። ጸሐፊው ብልት መነካካትን፣ መንከስን፣ ሱቅ መሃል መንከባለልን፣ ሱሪ ማውለቅና በዓይነ ምድር መጫወትን፣ እንግዳ አልስምም ማለትንና ስድብን እየጠቀሰ ለየአንዳንዱ መድኃኒት አዟል። መድኃኒቶቹ ቁንጥጫ፣ መልሶ መንከስ፣ ማስገደድና በርበሬ ናቸው።

ሁለት ነገር ላይ እንስማማለታለን። ዘመድ እየሳቀ “እስቲ ድገመው” ያለው ቃል ነገ ከነ ሳቁ ተመልሶ እንደሚመጣ መጻፉ ልክ ነው። ዛሬ የተከለከለው ነገ አይፈቀድ ማለቱም ልክ ነው። ከዚያ ያለፈውን ግን በየተራ እናየዋለን።

“ዓይን ዓይኔን እያየ፣ እየሳቀ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ያውቃል” ይላል። የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ነው። እውነት ነው፣ የ20 ወር ልጅ ውሃውን ሊደፋ ሲል ዞር ብሎ እናቱን ያያል፣ ፈገግ ይላል፣ ይደፋዋል። ጸሐፊው ይህን “ንቀት” ብሎታል። ልጁ ግን እናቱን እያነበበ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የአንድን ነገር ትርጉም የሚያውቀው ከአሳዳጊው ፊት ነው። ትናንት ውሃው ሲደፋ የእናቱ ዓይን ፈጠጠ፣ ድምፅዋ ወጣ፤ ዛሬም ያው ይሆን እንደሆነ ያጣራል። በተቆጣችው መጠን ነገሩ ይበልጥ የሚያጓጓ ይሆናል።

እፍረትም ቢሆን እንደ ጥርስ ጊዜውን ጠብቆ የሚመጣ ነው። ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ልጅ መስታወት ውስጥ ያለው ራሱ እንደሆነ ሲገባው መሽኮርመም ይጀምራል። “እንግዶቹ ስለ እናቴ ምን ያስባሉ?” ብሎ የሌላውን ሐሳብ ከራሱ ለይቶ ማሰብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው 4 ዓመት አካባቢ ነው። ያ ሳይኖር ሰውን አስቦ ማዋረድ አይቻልም። የ2 ዓመት ልጅ “አይነካም፣ አይነካም” እያለ ሶኬቱን ሲነካ አይታችሁ ይሆናል። ሕጉን ሸምድዶታል፤ እጁን የሚገታው ልጓም ግን ገና አልተሠራም። ፍላጎትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ብስለቱን የሚጨርሰው ሰው በ20ዎቹ አጋማሽ ሲደርስ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ምክር አሰልቺ ነው፤ ሲሠራም አሰልቺ ስለሆነ ነው። ፊታችሁ አይለዋወጥ፣ ድምፃችሁ ዝቅ ይበል፣ የምትሉት ከ6 ቃል አይብለጥ፣ ሁልጊዜም ያው ቃል ይሁን። አያትም ሞግዚትም ያንኑ ይበሉ። እናት “አይሆንም” ብላ አያት ከረሜላ ከሰጡ፣ ልጁ የሚማረው ነገር ቢኖር ወደ ማን መሮጥ እንዳለበት ነው።

ቀጥሎ “ብልቱን የሚነካ ልጅ አንድ ነገር አይቷል፤ እጁን ቆንጥጡት” ይላል። ከምክሮቹ ሁሉ የሚጎዳው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እናየዋለን።

ሕፃን ጣቱን ያገኛል፣ እግሩን ያገኛል፣ እምብርቱን ያገኛል፤ ዳይፐሩ ሲወልቅ ደግሞ ብልቱን ያገኛል፣ ወንዱም ሴቷም። ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ መነካካት፣ ሲሰለቹ ወይም እንቅልፍ ሲመጣ በዚያ ራስን ማባበል፣ የሌላ ልጅ ገላ ምን እንደሚመስል ለማየት መፈለግ የሕፃናት ሐኪሞች በየቀኑ የሚሰሙት ነው። የወንድ ሕፃን ብልት መቆሙም እንዲሁ የተለመደ ነው። ከአዋቂ ስሜት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። (በነገራችን ላይ፣ የ1 ዓመቱን ልጅ “ቹቹህን አሳየኝ” እያለ የሚስቀው ዘመድ፣ ልጁ 3 ዓመት ሞልቶት ሳይጠየቅ ሲያሳይ “ባለጌ!” ይለዋል። ሕጉ መቼ እንደተለወጠ ለልጁ የነገረው የለም።)

ቤት ውስጥ፣ ብቻውን ሆኖ ሲነካካ ምንም አታድርጉ። እንግዳ ባለበት ወይም ሚኒባስ ውስጥ ከሆነ ሁለት እጁን የሚይዝ ሥራ ስጡት፤ ሙዝ ይላጥ፣ ቦርሳ ይቀፍ፣ የጠርሙስ ክዳን ይክፈትና ይዝጋ። በአንድ እጅ የሚያዝ ነገር አይበቃም፤ ሁለተኛው እጅ ወዲያው ይመለሳል። 2 ዓመት ተኩል ካለፈው “ይሄ የግልህ ነው፤ ሰው ፊት አንነካውም” በሉትና ሥራውን አቀብሉት። ቃሉ “የግል” ይሁን እንጂ “ቆሻሻ” አይሁን። ያ የገላው ክፍል ቆሻሻ ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ሲያመውም፣ ሌላ ሰው ሲነካውም አይናገርም። በቤት የምትጠሩበት ስም ቢኖርም “ብልት” የሚለውንም ቃል ይወቅ፤ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ይጠቅመዋል። “ድመት ትበላዋለች”፣ “ይቆረጣል” የሚለው ማስፈራሪያ ደግሞ ሲያጥቡት የሚጮህና ሽንቱን የሚይዝ ልጅ ያተርፋል።

ቁንጥጫው ልማዱን አያስቆመውም፣ ወደ ብርድ ልብስ ውስጥ ያስገባዋል እንጂ። ያኔ እናንተ ማየት የሚገባችሁን ምልክት ታጣላችሁ። ልጅ አንዳንዴ የሚነካካው ስለሚያሳክከው ነውና። መጀመሪያ ሽፍታ እንዳለ እዩ። ሴት ልጅ ከሆነች ሽታ ያለው ሳሙና ወይም አረፋ የተሞላ መታጠቢያ ቆዳዋን እያቃጠለው ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ቦታ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይበቃል። ማሳከኩ ሌሊት የሚብስ ከሆነ፣ ልጁ ከተኛ ከ2 ወይም 3 ሰዓት በኋላ ፊንጢጣውን በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ። እንደ ነጭ የክር ቁራጭ የሚንቀሳቀስ ቀጭን ትል ካያችሁ የሚያሳክከው እሱ ነው። የትሉ መድኃኒት ከ2 ሳምንት በኋላ ይደገማል፤ የመጀመሪያው የሚገድለው ትሎቹን እንጂ እንቁላሎቹን አይደለም። የቤቱ ሰው ሁሉ አብሮ ካልታከመ፣ ጥፍር ካልተቆረጠና አንሶላ በሙቅ ውሃ ካልታጠበ በወሩ ይመለሳል። ሲሸና የሚያለቅስ ወይም ትኩሳት ያለው ልጅ ግን በዚያው ቀን ሽንቱ ይመርመር።

ጸሐፊው የጠረጠረው ነገር በእውነት የሚደርስበት ልጅ አለ፤ ይህን አንክድም። ምልክቱ ግን ከመነካካት የተለየ ነው። የአዋቂ ግንኙነትን አኳኋን በዝርዝር መኮረጅ፣ ሌላ ልጅን ማስገደድ ወይም ማስፈራራት፣ የ4 ዓመትና ከዚያ በላይ የዕድሜ ልዩነት ባላቸው ልጆች መካከል የሚደረግ፣ በምንም ሊዘናጋ የማይችል፣ ቁስል ወይም ደም ወይም ፈሳሽ ያለበት ከሆነ ዝም አይባልም። ያኔም ልጁን በጥያቄ አታፋጥጡት፣ አትምቱት። ያለውን በራሱ ቃል ጻፉ፣ ልብሱን ሳታጥቡ አስቀምጡ፣ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንና የሕጉን ጉዳይ በአንድ ቦታ የሚያይ ማዕከል አለው። እንግዲህ አስቡት፦ ሲነካው የተቆነጠጠ ልጅ፣ ሌላ ሰው ሲነካው ለማን ይናገራል?

ወደ መንከስ እንለፍ። “አንዴ መልሳችሁ ንከሱት፣ ሕመሙን ያውቀዋል” ይላል ጽሑፉ። የ18 ወር ልጅ “እኔን ያመመኝ ያህል እሱንም አሞታል” ብሎ ማመዛዘን አይችልም። የሚያውቀው እናቴ ነከሰችኝ የሚለውን ነው፤ ትልቅ ሰውም ሲናደድ ይነክሳል ማለት ነው። ደግሞ የሰው ንክሻ ቀላል ቁስል አይደለም፤ አፍ በባክቴሪያ የተሞላ ስለሆነ ቆዳ ከተቀደደ ሊያመረቅዝ ይችላል።

የሚነክስ ልጅ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሰዓቱ ይታወቃል። ለ7 ቀን በወረቀት ያዙ፦ ስንት ሰዓት፣ የት፣ ማንን፣ ከመንከሱ በፊት ባሉት 2 ደቂቃዎች ምን ነበር። ከምሳ በፊት ከሆነ ርቦታል። ከሰዓት በኋላ መጨረሻ ላይ ከሆነ ደክሞታል። አሻንጉሊት ሲነጠቅ ከሆነ ቃል አጥሮታል፤ “ተራዬ ነው”፣ “እምቢ”፣ “ስጠኝ” የሚሉትን ሦስቱን አስተምሩት። ምራቁ የሚፈስና ጣቱን የሚያኝክ ከሆነ ጥርሱን ተመልከቱ፤ የመጀመሪያዎቹ መንጋጋዎች ከ13 እስከ 19 ወር፣ ሁለተኛዎቹ ከ23 እስከ 33 ወር ባለው ጊዜ ይወጣሉ። ለዚህኛው በንጹሕ ውሃ ርሶ የቀዘቀዘ ጨርቅ ማኘክ ይጠቅመዋል።

በነከሰ ጊዜ መጀመሪያ ወደ ተነከሰው ልጅ ሂዱ። ይህን ብዙ ሰው ይገለብጠዋል፤ ነካሹ ላይ ይጮሃል፣ ተነካሹ ቆሞ ያለቅሳል፣ ነካሹም የቤቱን ዓይን ሁሉ አተረፈ። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ5 ደቂቃ እጠቡ፤ ቆዳው ከተቀደደ ጤና ጣቢያ ይታይ፣ የክትባት ካርዱም አብሮ ይሂድ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ክትባት የጉበት በሽታ ቢ መከላከያን ይጨምራልና መሟላቱ ይረጋገጥ። ከዚያ ወደ ነካሹ ዝቅ ብላችሁ “መንከስ ያማል፤ አትነክስም” በሉና ከቦታው አንሱት። ይኸው ነው። “ይቅርታ በል” እያሉ ማስጨነቅ ገና በዚህ ዕድሜ ትርጉም የለውም፤ ውሃ ወይም ጨርቅ አምጥቶ እንዲያግዝ ማድረግ ይሻላል። 3 ዓመት ተኩል ካለፈ በኋላም በየቀኑ የሚነክስ ከሆነ፣ በተለይ ንግግሩ ወደኋላ የቀረ ከሆነ፣ የመስማት ችሎታው ይመርመር።

ሱቅ መሃል መንከባለሉን በተመለከተ ጸሐፊው “እዚያው ቅጡት፣ አለዚያ ሰው ምን ይላል?” ይላል። ሐሳቡ እዚህ ላይ ራሱን አጋለጠ፤ ቅጣቱ ለሰው ዓይን እንጂ ለልጁ አይደለም። በዕድሜው የሚጠበቀው እንዲህ ያለ ለቅሶ አብዛኛውን ጊዜ በ5 ደቂቃ ውስጥ ራሱ ይበርዳል። የሚያረዝመው ሁለት ነገር ነው፦ ዱላና ብስኩት። ዱላው አዲስ የለቅሶ ምክንያት ይሰጠዋል። ብስኩቱ ደግሞ የባሰ ነው። አምስት ጊዜ ከልክላችሁ በስድስተኛው ሰው አይቶኛል ብላችሁ ከሰጣችሁ፣ ልጁ ስድስት ጊዜ መጮህ እንደሚያዋጣ ተማረ። አልፎ አልፎ የሚሰጥ ዋጋ ሁልጊዜ ከሚሰጠው ይልቅ ልማድን ያጸናል፤ ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው ይህን ያውቃል።

የሚደረገው እንዲህ ነው። አደጋ ካለ፣ መንገድ ወይም ደረጃ ከሆነ፣ ፊቱን ወደ ውጪ፣ ጀርባውን ወደ ደረታችሁ አድርጋችሁ አንሱት፤ እንዲህ ሲያዝ ፊታችሁን አይቧጭርም። አደጋ ከሌለ አጠገቡ ቁጭ በሉ። እናንተ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሱ። “ብስኩት ፈልገህ ነበር፤ ተናደድክ” በሉና ዝም በሉ። አትለማመጡ፣ አትማከሩ፣ ስልክ አትስጡ። ሲበርድ ውሃ አጠጡት፣ እቀፉት፣ ጉዳያችሁን ቀጥሉ። መስጠት ካቆማችሁ በኋላ ለጥቂት ቀናት ጩኸቱ ሊብስ ይችላል፤ ብዙ ወላጅ እጁን የሚሰጠው እዚህ ላይ ሲሆን፣ ሊሠራ ሲል ነው የተወው ማለት ነው። ለቅሶውን በብዛት ማስቀረት የሚቻለው ግን ከቤት ሳይወጡ በፊት ነው። ከበላ 3 ሰዓት ያለፈውን ወይም እንቅልፉ የተቋረጠበትን ልጅ ገበያ ይዞ መውጣት ለቅሶውን መጥራት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ1 እና ለ2 ዓመት ልጅ በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ለ3 እና ለ4 ዓመት ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል፤ የቀን እንቅልፉ ተደምሮ።

እዚሁ ላይ ጽሑፉ ያላነሳው፣ ወላጅን ግን ከሁሉ የሚያስደነግጠው ነገር አለ። ልጁ ሲያለቅስ ትንፋሹ ቁርጥ ይላል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ለጥቂት ሰከንድ ራሱን ይስታል። ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባሉ ልጆች የሚታይ ነው፤ አውቆ አይደለም የሚያደርገው። በጎኑ አስተኙት፤ አታራግፉት፣ ውሃ አትድፉበት፣ አፉ ውስጥ ጣት አታስገቡ። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ደቂቃ በፊት ይመለሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ወደ ሐኪም ይሂድና ደሙ ይታይ፤ የብረት ማዕድን እጥረት ያለበት ልጅ ላይ ይበዛል፣ እጥረቱ ሲታከምም ይቀንሳል። ለልጅ ቁርስ ዳቦ በሻይ የሚሰጥ ቤት ሻይውን ይተው፤ ከምግቡ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳል።

ሱሪ ማውለቁና ዓይነ ምድር መለቅለቁ ጽሑፉ ላይ “የጋጠወጥነት መጀመሪያ” ተብሏል። ሱሪውን የሚያወልቀው ማውለቅ አዲስ ችሎታው ስለሆነ ነው፤ ይለብሳል፣ ያልፋል። ዓይነ ምድር የሚለቀልቅ ልጅ ደግሞ ለጣቱ የሚለሰልስ ነገር አገኘ፤ ከኋላ የሚቆለፍ ልብስ አልብሱት፣ ዳይፐሩ ሳይቆይ ይቀየር፣ ቀን ላይ ሊጥ ወይም ጭቃ ይጫወት፣ ስታጥቡት አትሳቁ፣ አትጩኹ። ፖፖ ላይ የሚደረገው ስሕተት ግን የከፋ ነው። ምግብ ከበላ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ እግሩ መሬት ረግጦ ይቀመጥ፤ አንጀት ከምግብ በኋላ ራሱ ይንቀሳቀሳልና። 20 ደቂቃ አስቀምጦ መቆጣት ልጁ እንዲይዘው ያደርጋል። የተያዘው ይደርቃል፣ ሲወጣ ያማል፣ ስላመመው ይበልጥ ይይዛል። በመጨረሻ በደረቁ ዙሪያ ቀጭኑ እያመለጠ ሱሪውን ያበላሻል፤ ቤተሰቡ ተቅማጥ ወይም ስንፍና ይለዋል፣ ይመታዋል፣ አዙሪቱ ይቀጥላል። ለወራት ሽንቱን ሲቆጣጠር ቆይቶ እንደገና የሚያመልጠው፣ በተለይ ውሃ አብዝቶ የሚጠጣና የሚከሳ ልጅ ግን ሳይውል ሳያድር ስኳሩ ይለካ።

አፍንጫ መጎርጎሩ ላይ ጸሐፊው አንድ ሙሉ አንቀጽ አጥፍቷል። ልጅን ሲወዱ እስከነ ንፍጡ ነው። መሐረብ ስጡት፣ ጥፍሩን ቁረጡ፤ ከአንድ ወገን ብቻ የሚሸት ንፍጥ ከመጣ ግን ባቄላ ወይም ዶቃ አስገብቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ያውጣው፣ እናንተ አትቆፍሩ። የሰዓት ወይም የአሻንጉሊት ክብ ባትሪ መሆኑን ከጠረጠራችሁ እስከ ነገ አይቆይም፤ በሰዓታት ውስጥ ሥጋውን ያቃጥላል።

እንግዳ አልስምም ያለውን ልጅ “አንገቱን ይዛችሁ አስሙት” የሚለው ምክር ከላይ ስለ ገላ ያልነውን ያፈርሰዋል። ገላው የግሉ ነው ብላችሁት በነጋታው ጋሼ እገሌ ጉንጭ ላይ በግድ ከለጠፋችሁት የትኛውን ይመን? ሰላምታ ግን ይስጥ፤ በዚህ እንጸናለን። ምርጫ ስጡት፦ “ትጨብጣለህ ወይስ እጅህን ታውለበልባለህ?” እንግዳው ገብተው ከተቀመጡ ከ10 ደቂቃ በኋላ ብዙ ልጅ ራሱ ይቀርባል። ቅር ላላቸው እንግዳ “ትንሽ ይልመድዎት” ማለት ይበቃል።

በመጨረሻ ስድብና በርበሬ። ጸሐፊው “ምላሱ ላይ ጠብ አድርጉለት፣ ሁለተኛ አይደግማትም” ይላል፤ ማጠንንም ጠቅሷል። የበርበሬ ጢስ የአየር ቧንቧን ያኮማትራል፤ የልጅ ቧንቧ ደግሞ ጠባብ ነው፣ አስም ላለበት ልጅ ለሕይወት ያሰጋል። ምላስ ላይ የተደረገው ወደ ዓይን ይሄዳል፤ ልጁ በእጁ ያብሰዋልና። ይህ ተግሣጽ አይባልም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በልጅ ላይ የሚፈጸም በደልን ያስቀጣል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ልጃችሁን የምታውሉበት መዋያ ቁንጥጫን እንደ ዘዴ የሚጠቀም ከሆነ ይህን አንቀጽ መጥቀስ መብታችሁ ነው።

የ3 ዓመት ልጅ “ደደብ” ሲል ቃሉን ወድዶታል፤ ትርጉሙን አያውቀውም። የወደደው ሰው ሁሉ ዞር ስላለ ነው። ዞር አትበሉ። በተራ ድምፅ “ይህን ቃል እኛ ቤት አንጠቀምም፤ ተናድጃለሁ በል” ብላችሁ ሥራችሁን ቀጥሉ። ቃሉ ከየት እንደመጣም ፈልጉ። ምንጩ መኪና የሚነዳው አባት ወይም ክፍት የተተወ ስልክ ከሆነ፣ ልጁ ላይ የሚደረግ ምንም ነገር አይሠራም።

ስድብ ሳይሆን እውነት ሲናገርስ? ቤት የገቡትን እንግዳ ከላይ እስከ ታች አይቶ “ለምንድን ነው እንዲህ የወፈሩት?” ቢል፣ “ዝም በል!” ብሎ መደንፋት ጥያቄውን እንዲደግመው ያደርጋል፣ እንግዳዋንም ሁለት ጊዜ ያሳፍራል። ለልጁ “ሰው ሁሉ ይለያያል፤ ስለ ሰው ገላ በጆሮዬ ንገረኝ” በሉት። ለእንግዳዋ ደግሞ “እትዬ፣ ይቅርታ፤ ያየውን ሁሉ የሚናገርበት ዕድሜ ላይ ነው” በሉና ቡናውን አቅርቡ። ልጅ ያሳደጉ ከሆነ፣ እናንተ ሳትጨርሱ ስቀዋል።